ደቡብ አፍሪካ የሥራ ስም ነውን?

በሀቢቾና በሆሳዕና አካባቢ አንዱን ወጣት «ሥራህን ብትለውጥ ምን ለመሆን ትመኛለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው፥ «ደቡብ አፍሪካ መሄድ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኛም በመምህርነታችን ይህን ሰምተን አስበንበታል፤ ደቡብ አፍሪካ የአገር ስም ነው እንጂ የሥራ ስም አይደለምና።

ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቶች ወደዚያ መጉረፍ የያዙት ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከሄዱትም መካከል ጠመኔውን ያስቀመጠ መምህር አለ። እዚያ የሚጠብቃቸው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ንግድ ነው፤ ሸቀጥ ተሸክሞ በየመንደሩ በዱቤ መሸጥ፥ በኋላም ትንሽ ሱቅ መክፈት። በዚህም ቤት የሠሩ፥ ወላጅ የጦሩ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በ2000 እና በ2007 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ሱቃቸው የተዘረፈባቸው አሉ። በመንገድ የቀሩም አሉ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ አገር፥ ምዚምባ በተባለው አውራጃ፥ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ የታመነባቸው ከ25 የሚበልጡ ሰዎች በጅምላ ተቀብረው ተገኝተዋል።

ሥራ ለመለወጥ መመኘት ነውር አይደለም። ሰዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና ይማሩ ዘንድ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሥዕልን መረጡ። የመረጡትም ሥራውን ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ «ልሂድ» ባለ ጊዜ፥ አስቀድማችሁ «በማለዳ ተነሥተህ እጅህ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ንግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በሆሳዕና ገበያ ምን ያህል ሸቀጥ እንደሚገዛ አብራችሁ ቍጠሩ።