በረዶ ያልለመደ ከተማ በረዶ ሲወርድበት

ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እኛ ጥምቀትን ካከበርን በአምስተኛው ቀን፣ በግሪክ ዋና ከተማ በአቴንስ ከባድ በረዶ ወረደ። እኛ አገር ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር መሳዩ ሳይሆን፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ዝም ብሎ እየወረደ የሚከመረው ዓይነት ነው። አቴንስ የሜዲትራንያን ከተማ ናት፤ በጥር እንኳ ቀን ላይ ሙቀቷ 13 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በረዶ አልፎ አልፎ ቢጎበኛትም እንዲህ እንቅስቃሴዋን ይገታል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አልነበረም።

ከሰሜን የመጣ ቀዝቃዛ አየር ሞቅ ባለው የኤጂያን ባሕር ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይሸከምና የብስ ሲደርስ በበረዶ መልክ ያራግፈዋል። ያን ቀን የሆነውም ይኸው ነው። ማዕበሉ ኤልፒስ ተባለ፤ በግሪክኛ ተስፋ ማለት ነው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ መንገድ ተዘጋባቸው። ብዙዎች እዚያው አደሩ። ወታደሮች ብርድ ልብስ፣ ውሃና ምግብ ይዘው ደረሱላቸው።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝና ዜናውን ስሰማ ከብርዱ ይልቅ ያሳሰበኝ የመኪናው ጭስ ነው። ሞተር አስነስቶ ሙቀት እየከፈቱ ማደር ያለ ነው። በረዶው የጭስ ማውጫውን ከደፈነው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፤ ሳይነቃ ይቀራል።

እኛ በረዶ ባይኖረንም ይህ ጋዝ ቤታችን ይገባል፤ በከሰል። ብርድ ሲበረታ፣ በተለይ አራስ ባለችበት ቤት፣ ምድጃውን አስገብተን በሩንና መስኮቱን እንዘጋለን። «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ ከእንግዲህ አይጎዳም» ሲባል በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ስህተት ነው። ጭስ የሌለው የቀላ ፍምም ጋዙን ያወጣል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና አቅም ማጣት ነው። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ምግብ ነው ብላችሁ አትቆዩ። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ።

ታዲያ ብርዱን በምን እንከላከለው? የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ለሕይወት ያሰጋል። ቀድመው የሚጎዱት ጨቅላዎችና አረጋውያን ናቸው። ሕፃን ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ አዛውንት ደግሞ መብረዱን ላያውቁት ይችላሉ። ሕፃኑን ኮፍያ አድርጋችሁለት እናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስተኙትና ከላይ አልብሷቸው። አያቶች ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደርበው ይልበሱ። እርጥብ ልብስ ወዲያው ይለወጥ። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው መንቀጥቀጡን አቁሞ ከደነዘዘ ወይም ንግግሩ ከተምታታ፣ ተሻለው ብላችሁ አትዘናጉ፤ እየባሰበት ነው። አረቄም አትስጡት። ለጊዜው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ የቆዳውን ደም ሥር አስፍቶ ሙቀቱን ያስወጣበታል።

ልጆቻችሁ በግሪክ፣ በጣሊያን ወይም በሌላ በረዶ በሚወርድበት አገር ካሉ፣ ስልክ ስትደውሉ «በላችሁ ወይ?» ከማለት ጋር ይህንንም ጨምሩ፦ «ቤታችሁን በምንድን ነው የምታሞቁት? መኪና ውስጥ በበረዶ ብትያዙ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ትጠርጋላችሁ? መስኮቱንስ ትንሽ ትከፍታላችሁ?» ዛሬ ማታም ከመተኛታችሁ በፊት የራሳችሁን ምድጃ ወደ ውጭ አውጡት።