ሥጋን በጉልምስና ዕድሜ መተው ከጾም በምን ይለያል?

ዕድሜያቸው ከ40 ካለፈ ምእመናን መካከል ሥጋን ከገበታቸው ቀስ በቀስ ለማራቅ የሚያስቡ አሉ። አንዳንዶቹን ለዚህ የሚያነሣሣቸው ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ሕመም የሐኪም ምክር ነው። ሌሎቹ ደግሞ ዐቢይ ጾምን ሲፈጽሙ ሰውነታቸው ቀልሎ፣ ልቡናቸው ተሰብስቦ ስለሚያገኙት በዚያው መጽናት ይወዳሉ። አሳባቸውን ለቤተሰብ ሲገልጡ ግን «ታዲያ ለፋሲካ ምን ልትበላ ነው?» የሚል ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ጥያቄው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት መሠረት አድርገን፣ ይህን መንገድ የሚጀምር ምእመን ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነጥቦችን እንመለከታለን።

ሥጋ ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም

በመጀመሪያ ለሰው ምግብ ይሆኑ ዘንድ የተሰጡት አዝርዕትና የዛፍ ፍሬዎች ነበሩ (ዘፍ. 1፥29)። ከጥፋት ውኃ በኋላ ደግሞ እግዚአብሔር ለኖኅና ለልጆቹ ከደሙ በቀር ሥጋን ፈቀደላቸው (ዘፍ. 9፥3-4)። ቅዱስ ጳውሎስም እግዚአብሔር በምስጋና እንዲበላ የፈጠረውን ምግብ ከሚከለክሉ ሰዎች እንድንጠበቅ አስተምሯል (1ኛ ጢሞ. 4፥1-5)። በ4ኛው መቶ ዘመን በጋንግራ የተሰበሰቡ አባቶችም በእምነት ሆኖ ሥጋ የሚበላን ክርስቲያን የሚኰንን ሰውን አውግዘዋል።

እንግዲህ ሥጋን ርኩስ ነው ብሎ የሚተው ሰው ይስታል። ፈቃዱን ለመግዛት ወይም ጤናውን ለመጠበቅ ሲል የሚተው ግን አይነቀፍም። በገዳማት የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ከሥጋ የሚከለከሉት ፍጥረትን ንቀው ሳይሆን ለተጋድሎ ነው።

ጅማሬው ከታወጀው ጾም ይሁን

አዲስ ሥርዓት ለራሳችን ከመሥራታችን በፊት የተሠራልንን እንጠብቅ። ቤተ ክርስቲያናችን 55 ቀን ዐቢይ ጾምን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ 15 ቀን ጾመ ፍልሰታን፣ 3 ቀን ጾመ ነነዌን፣ ጾመ ገሃድን እንዲሁም ረቡዕና ዓርብን አውጃልናለች። እነዚህን በሙሉ የሚጾም ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ ሥጋ ይኖራል። ብዙዎቻችን ግን ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን ጾመን ሌሎቹን እንዘነጋለን። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የዘነጋናቸውን አጽዋማት መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ በፍስክ ቀናት ሥጋን በሳምንት ወደ አንድ ወይም ሁለት ቀን መቀነስ፣ ከዚያም ለበዓላት ብቻ ማድረግ ይቻላል። ሰውነትም ልማድም ጊዜ ይፈልጋሉ። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትቶ ጥራጥሬ ለመብላት ሲወስን በ10 ቀን ፈተና እንደ ጀመረ እናስታውስ። በቤተ መንግሥቱ ሁከት አላነሣም፤ ኃላፊውን በትሕትና ለመነው እንጂ (ዳን. 1፥8-16)።

ልማድ ጾምን እንዳይውጠው

ዋናው ጥንቃቄ ይህ ነው። ዘወትር ሥጋ የማይበላ ሰው ጾም ሲገባ «እኔ እኮ ሁልጊዜ ጾመኛ ነኝ» ሊል ይችላል። ይህ ስሕተት ነው። ጾም የምግብ ዓይነት መለወጥ ብቻ ሳይሆን እስከ ተወሰነው ሰዓት ከእህልና ከውኃ መከልከል፣ ጸሎት፣ ስግደትና ምጽዋት ያለበት ነው። ሥጋ የተወ ምእመን በፍስክ ቀናት ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ቢመገብ፣ በጾም ቀናት እነዚህንም ስለሚተው የጾሙ ምልክት አይጠፋበትም። የሥጋውን ዋጋ ደግሞ ለተራበ ወገኑ ያካፍል (ኢሳ. 58፥7)። እንዲህ ካላደረገ ሥጋ ከመሶቡ ቢርቅም ያተረፈው ለራሱ ብቻ ይሆናል።

በተቃራኒውም በዓልን ወደ ጾም መለወጥ አይገባም። ከፋሲካ እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። ሥጋ የተወ ሰው በእነዚህ ቀናት በእንቁላል፣ በወተትና በአይብ ከቤተሰቡ ጋር በደስታ ሊፈስክ ይችላል። ትንሣኤን የምናከብረው በበጉ ሥጋ ብዛት አይደለም።

ለጤና የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

በዚህ ዕድሜ ሥጋን መተው ያለ ዕቅድ አይሁን። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ሰውነትን የሚገነባውን ፕሮቲን ይሰጣሉ። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ከሥጋው ይልቅ ወደ ሰውነት የሚገባው በአነስተኛ መጠን ስለ ሆነ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አብሮ መመገብ ይረዳል። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያውኩ ከምግብ ጥቂት አርቆ መጠጣት ይሻላል።

ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። እጥረቱ የደም ማነስን፣ የእጅና የእግር መደንዘዝንና የመርሳት ችግርን ያመጣል። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ይህን ቫይታሚን ከምግብ የመውሰድ ዐቅሙ ይቀንሳል፤ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚንን ለረጅም ጊዜ በሚወስዱ ሰዎችም ላይ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ወተትና እንቁላልንም ጭምር ለመተው የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ቫይታሚኑን በእንክብል ወይም በመርፌ መውሰድ ያስፈልገዋልና። ሥጋ ትቶ በዘይት የተጠበሰና ጣፋጭ የሚያበዛ ሰውም ለጤናው ያተረፈው ጥቂት ነው።

ፍቅር ከመብል ይበልጣል

ቅዱስ ጳውሎስ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ አዝዟል (ሮሜ 14፥3)። አባት ሥጋ ቢተው እናትና ልጆች በግድ እንዲተዉ ሊያስጨንቃቸው አይገባም። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገው ለጎልማሳ ከሚያስፈልገው ይለያል። ዶሮ ወጡን የሠራችውን እናት ማስከፋት ዶሮውን ከመብላት ይልቅ ከባድ ነውና፣ ሽሮውን በምስጋና ተቀብሎ የሌላውን ሳይነቅፉ መቀመጥ ይገባል። ቤተሰቡም በበኩሉ «እስኪ ቅመስ» እያለ አያስጨንቀው።

በሁሉም ነገር የንስሐ አባትን ማማከር መልካም ነው። የጀመረውን ለመፈጸም የከበደው ሰው ሥጋ በመብላቱ እንደ ተሸነፈ አይቍጠር፤ መብል ወደ እግዚአብሔር አያቀርበንምና (1ኛ ቆሮ. 8፥8)። የተወም ያልተወም በአንድ ማዕድ ተቀምጠው እግዚአብሔርን ያመስግኑ።