ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

መኪናችን የዳሽቦርድ መብራት አብርቶብን ጋራዥ ስንገባ፣ መካኒኩ ዛሬ ዛሬ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ከመሪው ሥር ጎንበስ ይላል። ባለ 16 ፒኑን ሶኬት በእጁ ዳብሶ የመመርመሪያ ማሽኑን ይሰካል። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ኮዶች ይደረደራሉ፤ የትኛው ሴንሰር እንደተበላሸ፣ የትኛው ሲሊንደር በደንብ እንደማያቃጥል ይታያል። ማሽኑ ይህን የሚያውቀው በመኪናው ውስጥ ያሉት በርካታ ትንንሽ ኮምፒውተሮች በሚነጋገሩበት መስመር ገብቶ ስለሚጠይቃቸው ነው።

ያ መስመር ካን ይባላል። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ መሐንዲሶች ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ በ1986 ዲትሮይት ላይ ለሙያ አጋሮቻቸው አስተዋወቁት። ከዚያ በፊት በመኪና ላይ የተጨመረ ዕቃ ሁሉ የራሱን ሽቦ ይዞ ይመጣ ስለነበር፣ የሽቦው ጥቅል እየወፈረ፣ እየከበደና እየተወደደ ሄዶ ነበር። ካን ይህን ጣጣ በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ገላገለው። ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ከእነዚህ ሁለት ሽቦዎች ጋር ይያያዛሉ፤ አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማሉ።

አንዱን መልእክት ቀረብ ብለን እንየው። የፍሬኑ ኮምፒውተር የጎማዎቹን ፍጥነት ለሌሎቹ ሊነግር ሲፈልግ የመልእክቱን መለያ ቁጥርና ቢበዛ 8 ባይት የሚሆን ይዘት ይልካል። ሁለት ኮምፒውተሮች እኩል መናገር ቢጀምሩ መለያ ቁጥሩ ያነሰው ያልፋል፣ ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ለዚህም ነው አጣዳፊ ጉዳይ ትንሽ ቁጥር የሚሰጠው። መልእክቱ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ደርሶ መስመሩን ለሌላው ይለቃል። እንዲህ ቀላል፣ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ታዲያ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው? መለያ ቁጥሩ ስለ ምን እንደሚወራ ይናገራል እንጂ ማን እንደሚያወራ አይናገርም። ላኪ የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ማኅተም የለውም። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የትኛውም መዝገብ ቤት አይቀበለውም፤ ካን ግን ይቀበላል። መሐንዲሶቹን መውቀስ አይገባም። በዚያ ዘመን መኪና በሩ የተዘጋ ግቢ ነበር፤ ውስጡ የሚነጋገሩትም ፋብሪካው ራሱ ያሰባሰባቸው ቤተኞች ብቻ ነበሩ።

በሩ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ በመመርመሪያው ሶኬት፣ ቀጥሎ በብሉቱዝ፣ ከዚያም በሞባይል ኔትወርክ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የሳን ዲዬጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላፕቶፕ ከዚያው መካኒኩ ከሚጠቀምበት ሶኬት ጋር አያይዘው ምን ማድረግ እንደሚቻል ፈተሹ። ቆሞ የነበረው መኪና የፍጥነት መለኪያ 140 ማይል በሰዓት አሳየ። ሥራ ባቆመ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ደግሞ ነጂው ፔዳሉን እየረገጠ ፍሬኑ እንዳይዝ ማድረግ ቻሉ። በሚቀጥለው ዓመት መኪናውን ሳይነኩ፣ በብሉቱዝና በስልክ ኔትወርክ በኩል መግባት እንደሚቻል አሳዩ።

ሕዝብ የነቃው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ሴንት ሉዊስ ከተማ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው፣ በአውራ ጎዳና ላይ የሚሄድ ጂፕ ቸሮኪ ኃይል እንዲያጣ አደረጉ። መሪውን የያዘው ጋዜጠኛ ለሙከራው አስቀድሞ ፈቃደኛ ነበር፤ ያም ሆኖ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ መኪናው እምቢ አለው። በዚያው ሰሞን አምራቹ 1.4 ሚሊዮን መኪናዎችን ለማስተካከያ ጠራ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እንዲሉ ነው።

ሌቦችም ከዚሁ ተምረዋል። በእንግሊዝ አገር ይፋ የሆነ አንድ የስርቆት ዘዴ ሁሉን ነገር ይገልጸዋል። ሌባው የፊት ፓራውልቱን ይገነጥልና ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ሽቦ ያገኛል፤ ዘመናዊው የፊት መብራት የራሱ ኮምፒውተር ስላለው የካን ሽቦ እዚያ ድረስ ይደርሳል። ከዚያም ሲያዩት የብሉቱዝ ስፒከር የሚመስል ዕቃ ያያይዛል። የማጫወቻዋን ቁልፍ ሲጫን ከስፒከሩ የሚወጣው ዘፈን ሳይሆን «ትክክለኛው ቁልፍ መኪናው ውስጥ አለ» የሚል የሐሰት መልእክት ነው። በሩ ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሳል። መስታወት አልተሰበረም፣ ቁልፍ አልተሰረቀም። መኪናው የታዘዘውን ፈጸመ፤ ያዘዘው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

መድኃኒቱ ለደብዳቤው ማኅተም ማበጀት ነው። ኮምፒውተሮቹ በፋብሪካ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ይሰጣቸዋል፤ ላኪው በዚያ ቁልፍ ከይዘቱ ላይ አጭር ኮድ አስልቶ ከመልእክቱ ጋር ይልካል፣ ተቀባዩም ራሱ አስልቶ ያመሳክራል። ሌባ የትናንቱን ትክክለኛ መልእክት ቀድቶ ዛሬ እንዳይልከው ደግሞ እንደ ወጪ ቁጥር የሚቆጥር ቆጣሪ ይታከልበታል። ሲነገር ቀላል ነው፤ 8 ባይት ላይ ይዘትና ማኅተም አብሮ ማስፈር ግን ጭንቅ ነው። ስሌቱም ቢዘገይ ፍሬን አይጠብቀውም። እስከ 64 ባይት የሚሸከም አዲስ የካን ዓይነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ በየመንገዱ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ግን ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። የዘርፉ ተመራማሪዎች ጥረትም እዚህ ላይ ነው፤ እምነትን በጠባብ ቦታ፣ በአጭር ጊዜና በርካሽ ቺፕ ላይ ማስፈር።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው ደንብ ቁጥር 155 መኪና አምራቾች የሳይበር ጥበቃ ሥርዓት እንዲዘረጉ ያስገድዳል፤ በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስ መኪናዎች ሁሉ ላይ ይሠራል። ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው፤ በዚያው 2024 መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወስናለች። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪውም ሞተሩም ቻርጁም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። ስለዚህ ገዢ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ «ሶፍትዌሩን ማን ያድስልኛል? እስከ መቼ?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባል።

መካኒኩም ድርሻ አለው። የ2011ዱ ጥናት ካሳያቸው መግቢያዎች አንዱ የጋራዡ የመመርመሪያ መሣሪያ ራሱ ነበር፤ እሱ ከተበከለ የሚሰካበትን መኪና ሁሉ ሊበክል ይችላል። ካን ማንንም ስለማይጠይቅ፣ ወደዚያች ሶኬት የሚገባውን መጠየቅ ለጊዜው የእኛ ሥራ ነው። ማሽኑ ከየት መጣ? ፕሮግራሙ ከአምራቹ የተገዛ ነው ወይስ ከየትም የተገለበጠ? መካኒኩ ጎንበስ ሲል ይህን ብንጠይቀው ነውር የለበትም።