የነፃው ወሊድ ሒሳብ

በጀት ሲደለደል ጠረጴዛው ዙሪያ የምንቀመጥ ሁሉ የምናውቀው፣ ከስብሰባው አዳራሽ ግን የማይወጣ ነገር አለ። በጤና ጣቢያ መውለድ ነፃ ነው፤ የእርግዝና ክትትሉም የሕፃኑ ክትባትም እንደዚያው። ነፃ የሆነው ግን ለእናቲቱ ነው። ጓንቱን፣ ኦክሲቶሲኑን፣ የአምቡላንሱን ነዳጅ አንድ ሰው መክፈል አለበት፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ በግልጽ የተጻፈበት የበጀት መደብ ግን እኔ አላየሁም።

ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ በጥቅል ይወርዳል። የወረዳው ካቢኔ ለጤና ከሚመድበው አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። የአምቡላንስ ነዳጁ ሚያዝያ ላይ የሚያልቅበት ወረዳ አውቃለሁ። ጤና ሚኒስቴር በሚያስተዳድረው የለጋሾች የጋራ ቋት የሚገዛው መድኃኒትና መሣሪያ በዓይነት ይመጣል። እሱ ሲዘገይ ጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢውን ይነካል፤ ካርድ ካወጣ፣ ከተመረመረና መድኃኒት ከገዛ ሕመምተኛ የሰበሰበውን ማለት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ነፃ ለተባለ አገልግሎት አይተካም።

አንድ ወር መጨረሻ ላይ የአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት ኃላፊ የመጠየቂያ ቅጹን ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ። ጓንት ላይ ስትደርስ ቁጥሩን ጻፈች፣ የባንክ ሒሳቡን አየች፣ ሰርዛ ግማሹን ጻፈች። «ለእናቶቹ ብዬ ከሞላሁት አሞክሳሲሊን መግዣ አይቀረኝም፤ አሞክሳሲሊን ከሌለ ደግሞ የሚከፍል ሰው አይመጣም» አለችኝ። ጓንቱ ባለቀበት ሌሊት ምጥ ይዟት የመጣች ሴት ባሏ ከግቢው በር ማዶ ወዳለው የግል መድኃኒት ቤት ይላካል።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ጤና ጣቢያው ብዙ እናት ባዋለደ ቁጥር ይደኸያል። ከተማ ዳር ያለው ከከፋዩ ያካክሳል። ከፋይ የሌለበት የአርብቶ አደር ቀበሌስ? እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአዲስ አበባ ከ100 ወሊድ 97ቱ በጤና ተቋም እንደነበር ሲያሳይ፣ በአፋር 15 ብቻ ነበር። በአገር ደረጃ በ100,000 ሕያው ወሊድ የሚሞቱት እናቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 መውረዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋት ውጤት ጭምር ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። የቀረውን ግን «የግንዛቤ ችግር ነው» እያሉ በእናቶቹ ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም። ስንት ሰዓት ተጉዛ መጥታ ባሏ ጓንት ፍለጋ ሲላክ ያየች ሴት፣ ሠፈሯ ተመልሳ የምታወራው ያንኑ ነው።

መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ወሊድ ተመን ይውጣ፤ ጤና ጣቢያው ባዋለደ መጠን ገንዘቡ ይተካለት፤ ከፋይ ለሌለበት ወረዳ ተመኑ ከፍ ይበል።

የወረዳ ምክር ቤት አባል የሆናችሁ፣ በጀቱ ከሐምሌ 1 በፊት እጃችሁ ሲገባ «የጤና በጀት አድጓል» በሚለው ድምር አትርኩ። ከድምሩ ላይ ደመወዙን ቀንሱ፣ ውሎ አበሉን ቀንሱ፣ ለእናቶች የተያዘውን ለይታችሁ ጠይቁ። የተባላችሁን ባለፈው ዓመት በወለዱት ሴቶች ቁጥር አካፍሉት፤ ለአንዷ እናት ስንት ብር እንደደረሳት ያኔ ታያላችሁ።