«ከየት»፣ «ወዴት» እና «ክረምት»፦ የአየር ጠባይ ስያሜዎች በባሕር ኃይል ዕቅድ

እ.ኤ.አ. በጁን 1944 የኖርማንዲ ወረራ ከ5ኛው ቀን ወደ 6ኛው የተላለፈው በአየር ጠባይ ትንበያ ምክንያት ነበር። ነፋስ፣ ሞገድና ደመና የዘመቻን ቀን የሚወስኑ ከሆነ፣ የሚገለጹባቸውም ቃላት ከአሻሚነት የጸዱ መሆን ይገባቸዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ በአማርኛ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ስያሜዎችን እንመረምራለን።

ሀ) አቅጣጫ። በዓለም አቀፍ ልማድ ነፋስ የሚሰየመው በሚመጣበት አቅጣጫ ሲሆን፣ የባሕር ጅረት ግን በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። «የሰሜን ነፋስ»፣ «የሰሜን ጅረት» ስንል «የ» የተባለው ምዕላድ ይህን ልዩነት አያሳይም። ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል፤ ጅረቱ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ለአዲስ አበባ አንባቢ ቅርቡ ምሳሌ ቦሌ ነው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የመንደርደሪያዎቹ ቁጥር 07 እና 25 ነው። 07 ማለት አውሮፕላኑ በኮምፓስ ወደ 70 ዲግሪ ገደማ አቅንቶ ይነሣል ማለት ነው። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ስለሚነሣ፣ ለ07 የሚስማማው ከ70 ዲግሪ የሚመጣ ነፋስ ነው። ቁጥሩ አንድ ሲሆን እንቅስቃሴው ተቃራኒ ነው።

ለ) ወቅት። እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። በደቡባዊ ቀይ ባሕር በእኛ በጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ የላዩም ውሃ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ይገባል። በእኛ ክረምት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይሆናል፤ የላዩም ውሃ ወደ ውጭ ይፈስሳል። የአውሮፓ መርከበኞች መጻሕፍት ግን የቅዝቃዜ ወቅት የሚሉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ነው። ተርጓሚው ይህን በልማድ «ክረምት» ብሎ ቢያስገባው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ይታሰባል፤ የነፋሱም አቅጣጫ ይገለበጣል። በዚህ ትርጉም ጉዞውን የቀየሰ አዛዥ ከኋላው ይገፋኛል ያለው ነፋስ ከፊቱ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። ለነፋስ «ከሰሜን የሚነፍስ»፣ ለጅረት «ወደ ሰሜን የሚፈስስ» ይባል፤ በወቅት ስም ፈንታ ወራቱ ይጻፉ። ስያሜው ቢረዝምም አያሳስትም። ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ከፈረሰ በኋላ እንደገና እንደሚቋቋም በ2018 ስለተገለጸ፣ እነዚህ ቃላት ዳግመኛ ሥራ ላይ ይውላሉ። መርከቦቹ ከመነሣታቸው በፊት ቃላቱ ቢቃኑ ይሻላል።