በድስትና በጣሳ ላይ የሚቀረውን ሙጫ ስለ ማስለቀቅ



ከከተማ የሚገዛ አዲስ ድስት፣ ትሪ፣ ማንቆርቆሪያ ወይም ኩባያ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል። ወረቀቱ ሲላጥ ሙጫው ይቀራል። አሮጌ ጣሳ የገዛችሁ እንደ ሆነም እንዲሁ ነው፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ቆይቶ፣ ሙጫው ብቻ እንደ ጥቁር ቆሻሻ ተጣብቆ ይገኛል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን እናቶች ይህን ሙጫ ለማስለቀቅ ሲሉ በቤንዚን ሲፈትጉ፣ በቢላ ሲፍቁ፣ ከዚያም የባሰው የመርዝ ጣሳ አጥበው ውሃ ሲቀዱበት ጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ ሙጫው እንዴት እንደሚለቅና ከማስለቀቁም በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

ጣሳው ከየት ይመጣል?

በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ኢጣልያኖች ከተማይቱን በያዙበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ። አራዳም በእነርሱ ቋንቋ ፒያሳ የሚለውን ስም አገኘ፤ አደባባይ ማለት ነው። ገበያው ቢሄድም በሁለቱ ሰፈሮች መካከል የዕቃ ጉዞ አልተቋረጠም። በአራዳ መንደሮች «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው፣ ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል፤ ባዶ ጣሳና ጠርሙስ ከየቤቱ ይገዛል። ቤት በተለቀቀ ቁጥር ከጓዳ የሚወጣ አሮጌ ጣሳ አይጠፋም። የተሰበሰበው ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። በዚያም የሚቀጠቀጠው ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ ይሆናል፤ ደህናው ጣሳ ግን እንዳለ ይሸጣል። ከዚያ ለጠላ መጠጫ፣ ለእህል መስፈሪያ፣ ለቡና ማስቀመጫ ወይም ለውሃ መቅጃ ተብሎ ወደ ገጠር ይገባል።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ ጣሳ ከአራዳ ጓዳ ተነሥቶ እናንተ ቤት እስኪደርስ በአራት በአምስት ሰው እጅ ያልፋል። ውስጡ ምን እንደ ነበረ የሚናገረው ወረቀቱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ተልጧል። ስለዚህ በጣሳ ላይ የቀረ ሙጫ ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ «እዚህ ላይ አንድ ጽሑፍ ነበረ» የሚል ምልክት ነው። ሙጫውን ከማስለቀቃችሁ በፊት «ወረቀቱ ምን ይል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ፣ እናንተም ካላወቃችሁ፣ ያ ጣሳ ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም።

ሙጫው በውሃ ለምን እምቢ ይላል?

በቀድሞው ጊዜ በጣሳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከዱቄት በተሠራ ሙጫ ይጣበቅ ስለ ነበር ለብ ባለ ውሃ ሲዘፈዘፍ ይለቅ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ስታንተን ኤቨሪ የተባለ አሜሪካዊ ያለ ውሃና ያለ ምራቅ፣ በጣት ሲጫኑት ብቻ የሚጣበቅ ወረቀት ሠርቶ ለገበያ አወጣ። ዛሬ በድስትና በትሪ ላይ የምናየው ባብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው። ሙጫው የጎማ ጠባይ ስላለው ውሃ አያርሰውም፤ ዘይት ግን ዘልቆ ይገባውና ያለሰልሰዋል። በእጅ ላይ የተጣበቀ ቅባት በውሃ ብቻ እንደማይለቅ ታውቃላችሁ፤ ነገሩ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል።

ሙጫው እንዲሁ ቢተውስ? አቧራና ጥላሸት ይሰበስባል፤ የምግብ ፍርፋሪ ይይዛል፤ ዝንብና በረሮም ይስባል። ወረቀቱ የተለጠፈው በድስቱ ውስጥ፣ በመቀመጫው ላይ ከሆነ ደግሞ ሳይለቅ እሳት ላይ መጣድ አይገባም፤ ይቃጠልና ይደርቃል፣ ወጡንም ያበላሻል።

የአሠራሩ ደንብ

1ኛ. ዕቃውን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ወረቀቱ ሲርስ በጣት ጥፍር ወይም በእንጨት ስንጥር እየላጣችሁ አንሡት።

2ኛ. ዕቃውን በጨርቅ አድርቁት። ውሃ ካለበት ዘይቱ ወደ ሙጫው አይደርስም።

3ኛ. የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት በሙጫው ላይ ቀቡ። ለመጥበሻ ያገለገለ ዘይትም ይበቃል። ከአቦል እስከ ቶና ያለውን ጊዜ ያህል ተዉት፤ እናንተም ቡናችሁን ጠጡ። ይህን ማቻኮል አያስፈልግም፤ ሥራውን የሚሠራው ዘይቱ ነው።

4ኛ. በጨርቅ ወይም በበቆሎ ቆረቆንዳ እያዞራችሁ እሹት። ሙጫው እየተንከባለለ ይለቃል። የቀረ ካለ በዘይቱ ላይ ጥቂት የደቀቀ ጨው ወይም በወንፊት የተነፋ አመድ ጨምራችሁ ድገሙት።

5ኛ. በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለት ጊዜ እጠቡት። ዘይቱ ከቀረ አቧራ መልሶ ይይዛልና።

6ኛ. በፈላ ውሃ አለቅልቃችሁ በፀሐይ ላይ ደፍታችሁ አድርቁት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ።

ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። አሉሚኒየም ድስት በአመድ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ማደር የለበትም፤ የአመድ ውሃ ይበላዋል፣ ያጠቁረዋልም። አመድ ከተጠቀማችሁ ቶሎ አሽታችሁ ቶሎ አለቅልቁት። ቅብ ያለው ሳህንና የቆርቆሮ ባልዲ በቢላ ወይም በሽቦ አይፋቅም፤ ቅቡ ከተነሣ ከሥሩ ያለው ብረት ይዝጋል። የማይዝገው ብረትም ቢሆን ሲጫጫር በጭረቱ ውስጥ እድፍ ይቀመጣል።

ፈጽሞ የማይደረግ

በቤንዚን፣ በቲነርና በአኳራጅ ሙጫ ማስለቀቅ በጋራዥና በቀለም ቀቢዎች ዘንድ የተለመደ ነው። «ፒያሳ እኮ እንዲህ ነው የሚያደርጉት» ተብሎ ግን ወደ ማድ ቤት አይገባም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ተንፏቆ ራቅ ካለው ምድጃ ይደርስና እሳት ይዞ ይመለሳል። እናቲቱ «እሳቱ ሩቅ ነው» ስትል ቀሚሷ ይያያዛል።

ነጭ ጋዝም ሙጫ ያስለቅቃል፤ ይሁን እንጂ ሽታው በዕቃው ላይ ይቀራል፣ እሳትም ይይዛል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው በውሃ ጠርሙስ ወይም በኩባያ ተቀድቶ ሲቀመጥ ነው። ሕፃን ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ይህ ቢደርስ ልጁን አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ጋዙ ወደ ሳንባው ይገባል፣ የሚገድለውም ይኸው ነው። ወተትና ዘይትም አታጠጡት። የነካውን ልብስ አውልቃችሁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደህና ቢመስልም ውሰዱት፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።

በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ። ክሎሪን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። በረኪና ሙጫ አያስለቅቅም፤ ብረትም ይበላል።

ታጥቦ የማይነጻ ጣሳ

የተባይ መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒት ወይም ቀለም የነበረበት ጣሳ በዘይትም በአመድም ላዩን ልታሳምሩት ትችላላችሁ። ውስጡ ግን አይነጻም። መርዙ በጣሳው መጋጠሚያ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል፤ ከዚያም ወደ ውሃው፣ ወደ ጠላው፣ ወደ ወተቱ ይወጣል። በአንዳንድ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

የነቀዝ ክኒን የሚመጣበትን የአሉሚኒየም ዕቃ በተለይ ተጠንቀቁ። አብረቅራቂና ጠንካራ ስለ ሆነ ለማስቀመጫ ያምራል። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው ግን መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ውሃ ጨምሮ ማጠቡ ራሱ አደጋ ነው። አትክፈቱት፣ አትጠቡት፣ እሳት ውስጥም አትጣሉት። ልጆች በማይደርሱበት፣ ሰው ከማያድርበት ስፍራ አኑራችሁ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ንገሩ። እንዲህ ያለውን ጣሳ ለቁራሌው መሸጥም አይገባም፤ ከእናንተ ቤት ወጥቶ ስሙን አጥቶ የሌላ እናት ቤት ይገባልና።

በመርዝ ጣሳ የጠጣ ሰው ላብና ለሃጭ ቢበዛበት፣ ቢያስመልሰው፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ጣሳውንም በላስቲክ ጠቅልላችሁ አሳዩ። ሐኪሙ መርዙን ማወቁ ለሕክምናው ይረዳል።

ለማስታወስ ያህል

ስትገዙ ወረቀቱ ያልተላጠውን ጣሳ ምረጡ፤ ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጃችሁ ያንብብላችሁ። የራስ ቅልና የአጥንት ሥዕል ያለበትን በፍጹም አትንኩ። ወረቀት የሌለውንና የማታውቁትን ጣሳ ለአበባ መትከያ እንኳ ቢሆን ወደ ቤት አታስገቡ። የምታውቁትን ግን በሳሙና፣ በዘይትና በሙቅ ውሃ አጽዱት፤ ብዙ ዓመት ያገለግላችኋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ በገበያ ቆማችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ በጤና ጣቢያ ደጅ ከማደር ያድናል።