ነገደ ካርቦክሲል

ካርቦንን መሠረት ያደረጉ ውሕዶች በሚሊዮን የሚቈጠሩ በመሆናቸው፣ ወደ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርት አዲስ የሚገባ ተማሪ እያንዳንዱን በየስሙና በየጠባዩ ለይቶ ማጥናት ያለበት መስሎት ገና ከጅምሩ ልቡ ቢሸበር አይፈረድበትም። ነገር ግን የዚህ ዕውቀት ሊቃውንት ያን ሁሉ ሠራዊት በየነገዱ ከፍለው የሚያውቁበት ጥበብ አላቸው፤ ይኸውም ረጅሙን የካርቦን ሰንሰለት ትተው፣ በሰንሰለቱ ላይ የተተከለውንና «ፈንክሽናል ግሩፕ» የሚሉትን የጥቂት አቶሞች ማኅበር መመልከት ነው፤ የውሕዱ ግብር በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚያ ነውና።

የዚህ አስተሳሰብ ጥንስስ በጀርመን አገር ይገኛል። ፍሪድሪክ ቮለርና ዩስቱስ ሊቢግ የተባሉት ጠበብት እ.ኤ.አ. በ1832 ከመራራ ለውዝ የሚወጣውን ዘይት ይዘው፣ ከኦክሲጅን ጋር ቢያዋሕዱት፣ ከክሎሪን ጋር ቢያገናኙት፣ ክሎሪኑንም መልሰው በሌላ ቢተኩት፣ አንድ የአቶሞች ጓድ ሳይፈርስ ከአንዱ ውሕድ ወደ ሌላው ሲሻገር ተመለከቱና ቤንዞይል ብለው ሰየሙት።

ከእነዚህ ማኅበራት ሁሉ የማድ ቤታችንን ደጃፍ አዘውትሮ የሚረግጠው ካርቦክሲል ነው። አባላቱ አንድ ካርቦን፣ ሁለት ኦክሲጅንና አንድ ሃይድሮጅን ናቸው፤ ካርቦኑ አንደኛውን ኦክሲጅን በድርብ ማሰሪያ፣ ሁለተኛውን በነጠላ ማሰሪያ ይይዛል፣ ሃይድሮጅኑም በዚህ በሁለተኛው ላይ ይንጠለጠላል። የሆምጣጤው አሴቲክ አሲድ፣ የእርጎው ላክቲክ አሲድ፣ የሎሚው ሲትሪክ አሲድ ሁሉም የዚህ ነገድ ልጆች ናቸው፤ የሎሚውማ ካርቦክሲሉን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የተሸከመ ነው። ላክቲክ አሲድን በ1780፣ ሲትሪክ አሲድን በ1784 ለይቶ ያወጣቸው ስዊድን ውስጥ መድኃኒት ቀማሚ የነበረው ካርል ሼለ ሲሆን፣ ከእርሱ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ሬይ ጉንዳን አንጥሮ ፎርሚክ አሲድን አግኝቶ ነበር።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የማኅበሩ ውስጣዊ ኑሮ ነው። ካርቦንና ኦክሲጅን በድርብ ማሰሪያ የተያያዙበት ክፍል ለብቻው በአሴቶን ውስጥ ይገኛል፤ አሴቶንም አይኮመጥጥም። ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩበት ሃይድሮክሲል ደግሞ በአረቄው አልኮል ውስጥ አለ፤ አረቄም ጉሮሮ ያቃጥላል እንጂ የሆምጣጤ ጠባይ የለውም። ሁለቱ በአንድ ካርቦን ላይ ሲገናኙ ግን አንዳቸውም እንደ ቀድሞው አይኖሩም፤ በመጻሕፍት ሊቃውንት ቋንቋ መናገር ድፍረት አይሁንብኝና፣ ውላጤ ያገኛቸዋል። አሴቲክ አሲድ ሃይድሮጅኑን ለመልቀቅ ያለው ዝንባሌ ከአልኮሉ ከመቶ ቢሊዮን እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሃይድሮጅኑ ተለይቶ ሲሄድ የሚቀረውን አሉታዊ ሙል በአልኮል ዘንድ አንድ ኦክሲጅን ብቻውን ሲሸከመው፣ በካርቦክሲል ዘንድ ግን ሁለቱ ኦክሲጅኖች እኩል ስለሚካፈሉት ነው። ይህም የመምህራን ግምት አይደለም፤ በፎርሚክ አሲድ ውስጥ ሁለቱ የካርቦንና የኦክሲጅን ማሰሪያዎች ርዝመታቸው 1.20 እና 1.34 አንግስትሮም ሲሆን፣ በሶዲየም ጨዉ ውስጥ ሲለኩ ግን ሁለቱም 1.27 ሆነው ተገኝተዋል።

ይሁንና ነገዱ በጠቅላላው ጨዋ ነው። ከመቶ አምስት እጅ አሲድ ባለው የማዕድ ሆምጣጤ ውስጥ ሃይድሮጅኑን በእርግጥ የለቀቀው ከሺህ ሞለኪውል አምስት ያህሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ሆምጣጤ ሰላጣ ላይ ይፈስሳል፣ የባትሪ አሲድ ግን አይፈስስም። ቢሆንም ቤኪንግ ሶዳ ላይ ጠብ ሲያደርጉት አረፋ አንሥቶ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ለማስወጣት አያንስም፤ ተማሪዎችም ይህን ነገድ ከአልኮል የሚለዩት በዚሁ አረፋ ነው።

ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ የአንዱ ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክሲጅን እየሳበ፣ ፊት ለፊት ይያያዛሉ። በክብደት እኩያው የሆነው ፕሮፓኖል በ97 ዲግሪ ሲፈላ አሴቲክ አሲድ እስከ 118 ዲግሪ የሚታገሠው ስለዚህ ነው። ንጹሑ አሲድ የሚረጋውም በ16.6 ዲግሪ ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባ ክረምት በቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ያደረ ጠርሙስ ጠዋት በረዶ መስሎ ሊገኝ ይችላል።

ሰንሰለቱም ቢሆን ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። አራት ካርቦን ያለው ቡቲሪክ አሲድ በለጋ ቅቤ ውስጥ ከግሊሰሪን ጋር ታስሮ ሳይሸት ይቀመጣል፤ ቅቤው እየቈየ ሲበስል ግን ማሰሪያው እየተፈታ ይሄድና፣ አሲዱ ነጻ ወጥቶ ገበያተኛው ሁሉ በአፍንጫው የሚያውቀውን ያን ብርቱ ሽታ ይሰጣል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሼቭረል፣ በኋላም መቶ ሁለት ዓመት የኖረው፣ ይህን አሲድ ከቅቤ ለይቶ ያወጣ ሰው ነው። አሲዱን በውሃ በጥብጠው ቤኪንግ ሶዳ ቢጨምሩበት ወደማይተንን ጨው ስለሚለወጥ ሽታው ይጠፋል፤ ሆምጣጤ ሳይሆን ጠንካራ አሲድ መልሰው ቢያፈስሱበት ሽታው ይመለሳል። ሰንሰለቱ ወደ ዐሥራ ስምንት ካርቦን ሲረዝም ደግሞ እንደ ስቴሪክ አሲድ ሰም መስሎ ይረጋል፤ ጨዉም አንድ ጫፉ ከውሃ፣ ሌላው ከቅባት የሚስማማ ሳሙና ይሆናል።

ያንኑ የሚከረፋ ቡቲሪክ አሲድ ከአልኮል ጋር አቀላቅለው፣ ጥቂት የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ጨምረው ቢያሞቁት፣ ከመካከላቸው ውሃ ይወጣና ኤስተር የሚባል ውሕድ ይገኛል። ካርቦክሲሉ ሃይድሮክሲሉን አጥቶአልና ውሕዱ ኮምጣጣነቱን ይተዋል፤ ሽታውም የአናናስ መዓዛ ሆኖ ለከረሜላ ማጣፈጫ ይውላል። መዓዛውን ወደ ነበረበት መመለስ የሚወድ ቢኖር በካስቲክ ሶዳ አፍልቶ ጠንካራ አሲድ ይጨምርበት፤ መስኮቱን ግን አስቀድሞ ይክፈት።